ከትሉ ቁራጭ ለዘረመል ምርመራም ይቀመጥ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በኮምቦልቻ የምኖር የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምጽፈው ከደቡብ ወሎ ደጋ የዱር እንስሳት የሚገኝ የጥገኛ ትል ናሙና በሙሉ ፎርማሊን በተባለ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ የሚከተትበት ልማድ እንዲቀር ለማሳሰብ ነው።

አናቱ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይዞ በአንድ ወገን የሚሽከረከርን በግ ያየ የወሎ አርቢ «አዙሪት ይዞታል» ይላል። መንስኤው ጎልማሳው በውሻ አንጀት የሚኖረው ቴኒያ መልቲሴፕስ የተባለ ጠፍጣፋ ትል ነው። በጭላዳ ቆዳ ሥር የሚያብጠው ከረጢትም ሲቀደድ ያንኑ ይመስላል፤ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይወጣዋል፣ ከውስጠኛው ግድግዳም ላይ ነጫጭ የትል ራሶች ተኮልኩለው ይታያሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ናቸው ቢል አይፈረድበትም፤ የራሶቹን መንጠቆዎች በማይክሮስኮፕ የለኩ ሊቃውንት እንኳ የሁለቱ ዝርያዎች ልኬት ስለሚቀራረብ ለረጅም ጊዜ ሳይስማሙ ኖረዋል። ከሰሜን ተራሮች ጭላዳ የተወሰደው ናሙና ቴኒያ ሲሪያሊስ የተባለ ሌላ ዝርያ መሆኑ የተረጋገጠው ዘረመሉ ተመርምሮ ሲሆን፣ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ይህኛው ትል በእጭነቱ በተለይ ጥንቸልን የሚይዝ በመሆኑ፣ በደቡብ ወሎው በቦረና ሳይንት ጭላዳ ላይ እብጠት ቢታይ ሳይመረመር ከመንደሩ በግ አዙሪት ጋር ማያያዝ ተገቢ አይሆንም።

በእንቁላል ደረጃ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ከቀይ ቀበሮ ወይም ከውሻ ዓይነ ምድር የተገኘ የቴኒያ እንቁላል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ከባድ ከረጢት ከሚያበቅለው ኤኪኖኮከስ ከተባለው ሌላ ጠፍጣፋ ትል እንቁላል በተራ ማይክሮስኮፕ አይለይም። በማይክሮስኮፕ ብቻ ታይቶ የዝርያ ስም የሚሰጥ ሪፖርት ባየሁ ቁጥር፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላምነውም።

ዘረመልም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ሚቶኮንድሪያ በተባለው የህዋስ ኃይል አመንጪ ክፍል ውስጥ ያለው ዘረመል ከአንድ ወላጅ ብቻ ስለሚወረስ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው ከሆነ ይህን አያሳይም፤ በእስያ በሰው አንጀት ውስጥ በሚኖሩ ቴኒያዎች ላይ መዳቀሉ የታወቀው የኒውክለስ (የህዋሱ አስኳል) ዘረመል ጭምር ሲታይ ነው። መንጠቆ መለካቱም እንግዲህ አይቅር።

ስለዚህ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በደሴና በኮምቦልቻ ናሙና የሚሰበስቡ ባለሙያዎችን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ፎርማሊን ዘረመሉን ስለሚጎዳ፣ ትሉ ሲገኝ አንዱ ቁራጭ ለቅርጽ ጥናት ይቀመጥ፣ ሌላው 95 በመቶ በሆነ ኤታኖል ይነከር። በጠርሙሱም ውስጥ የእንስሳው ዓይነት፣ የተገኘበት ቀበሌና ቀኑ በእርሳስ የተጻፈበት ወረቀት ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ከኮምቦልቻ