ሐይቅ ተከበን የት እንዋል? የ«ሀገርህን እወቅ» ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በመስከረም የክበብ ምዝገባ ላይ ጠረጴዛችን የተቀመጠው በሚኒ ሚዲያና በቀይ መስቀል መሃል ነበር። ሚኒ ሚዲያ ማይክ አለው። ቀይ መስቀል ጋዋን አለው። እኛ ያለን በእጅ የተሳለ የቢሾፍቱ ካርታ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ እኛ የመጡት ሌላው ክበብ የሞላባቸው ልጆች ናቸው ብል ውሸት አይሆንም። አሁን ሰኔ ላይ ሆነን ስናየው ግን አባላቱ ሳይበተኑበት ዓመቱን የጨረሰ ክበብ ቢኖር የእኛ ነው። አቴንዳንሱ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ አለ፤ ያላመነ ሄዶ ይይ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራችን አንድ ጥያቄ ነበር። ስም ሳትጽፉ፣ ቅዳሜና እሁድ የት እንደምትውሉ ጻፉልኝ አልኳቸው። ቤቲንግ ቤት፣ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ፑል ቤት፣ ስልክ፣ ልብስ ማጠብ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ቁጭ ማለት። «የትም» የሚል ወረቀትም ሞልቷል። አንዱ ወረቀት ላይ ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ «ይሄ ከተማ የተሠራው ለአዲስ አበባ ሰው ነው።»

ዓመቱን ሙሉ ከዚህች ወረቀት ጋር ስሟገት ነው የከረምኩት። እስቲ ሐይቆቻችንን እንጥራ። ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ጨለለቃ፣ አረንጓዴው ሐይቅ። ራቅ ሲል ደግሞ ኪሎሌ። አብዛኞቹ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ወደ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ ወደ 65 ሜትር ይጠልቃሉ። ይህን ሁሉ ውሃ እያየ የሚያድገው ልጅ ግን ዋና አይችልም። ዋና የሚችል እጁን ያውጣ ስል ከክበቡ አንድ ልጅ ብቻ አወጣ፤ እሱም የተማረው ዝዋይ አጎቱ ጋ ከርሞ ነው።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ውሃው ዳር ስትደርስ በር አለ። በሩ ላይ ጥበቃ አለ። ጥበቃው ጋ ዋጋ አለ። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ የሚወርደው ባለመኪና ዋጋውን ይችለዋል። የእኛ ተማሪ እኮ ለባጃጅ የሚከፍለውም የለውም። ቱሪዝሙን መቃወሜ አይደለም። የብዙ ተማሪዎቻችን ወላጆች እንጀራ የሚበሉት ከእሱ ነው። እኔ የምለው፣ ለልጆቹስ የታለ? በእኔ ሰፈር የነበረው ኳስ ሜዳ ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል። ከዚያ ደግሞ ተሰብስበን «የዘንድሮ ልጅ ቤቲንግ ቤት ነው የሚውለው» እያልን እናማለን።

መደበኛ ስብሰባችን ሐሙስ ስምንተኛ ክፍለ ጊዜ ነበር። ካርታውን አስተካክለን ሳልን። በየሰፈሩ ያሉ አዛውንቶችን ስለ ድሮዋ ደብረ ዘይት ጠየቅን። ከሆራ ዳር ፕላስቲክ ለቀምን። ቃለ ጉባኤው አለ፤ እዚህ ብዘረዝረው አንባቢ ይተኛብኛል።

ያልሆነልንንም ልናገር። ዋና ለማስለመድ አስበን ለአንድ ሪዞርት ደብዳቤ አስገብተን ነበር። በሥራ ቀን፣ ገንዳው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት፣ ለክበቡ ልጆች ብቻ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። «እንነጋገርበታለን» ተባልን። እስካሁን እየተነጋገሩ መሆን አለበት። ወደ ኪሎሌ ልናደርገው የነበረው ጉዞም በሰርቪስ ነዳጅ ምክንያት ቀረ። ልጆቹ ምሳ ቋጥረው ግቢ ውስጥ ቆመው ነበር።

አረንጓዴው ሐይቅ ግን ተሳክቶልናል። ወላጆች አዋጥተው ሚኒባስ ተከራየን፤ እግዜር ይስጥልን። ልጆቹ በሃይላንድ ውሃ ቀድተው መጡና ላብራቶሪ ውስጥ በምትሠራዋ ብቸኛ ማይክሮስኮፕ አየነው። ሐይቁን አረንጓዴ ያደረገው ስፒሩሊና የሚባል ጥቃቅን አልጌ እንደ እስክሪብቶ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ ነው። ተራ ለመያዝ ተገፋፉ። ያኔ አንድ ነገር ነገርኳቸው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጃክ ታሊንግ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በዚህ ሐይቅና በኪሎሌ ያጠናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። እዚያ የለኩት የፎቶሲንተሲስ መጠን በተፈጥሮ ውሃ ላይ ከተለኩት ከፍተኛ መጠኖች አንዱ ነው። ኪሎሌ ዛሬ እንደዚያ አይደለም። የሞጆ ወንዝ ውሃ እንዲገባበት ከተደረገ በኋላ ጨውነቱ ቀነሰ፣ ስፒሩሊናውም ጠፋ። «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ እዚህ ነው?» አለች አንዷ። አዎ፣ እዚሁ ነው።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን በጥር አንድ ቅዳሜ ጨለለቃ የሄድንበት ነው። ጨለለቃ በር የለውም። በክረምት የሚሰፋ፣ በበጋ እየሸሸ ጭቃውን የሚያሳይ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ወፎቹ ደግሞ የሚፈልጉት ይህንኑ ጭቃ ነው። በዚያ ወቅት የራሳችን አባ ኮዳና ፔሊካን ብቻ አይደሉም ያሉት፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎችም አሉ። ጥር በየሀገሩ የውሃ ወፎች የሚቆጠሩበት ወር ነው። እኛ ሀገር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ይሳተፍበታል። እኛም ለልምምድ እንቁጠር አልን። የነበረን ባይኖኩላር አንድ ነው። እሱም የእኔው ነው። የግራ ዓይኑ ጭጋግ ይዟል።

ከመጡት መሃል አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ እናቱ ይህን መጽሔት ያነባሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚውል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያን ቀንም የመጣው ጓደኛው ጎትቶት ነው። ፊቱን አጨማዶ ስልኩን ሲነካካ ቆየ። በኋላ ቀና አለና ከማዶ የተሰለፉትን ፍላሚንጎዎች አየ። «ስንት ናቸው?» አለ። አንዱ 200 አለ። ሌላዋ 1000 ይሆናሉ አለች። ልጁ ነቃ። ከኪሱ የተበላ የቤቲንግ ትኬት አውጥቶ ጀርባው ላይ የሁሉንም ግምት ከነስማቸው መዘገበ። ለየግምቱ ኦድ፣ ማለትም ቢያሸንፍ ስንት እጥፍ እንደሚያስገኝ ሁሉ ሰጠበት! በገንዘብ አይሆንም ብዬ ስቆጣ፣ «በብስኩት ነው ቲቸር፣ በብስኩት» አለኝ።

ውርርድ ከተያዘ መልሱ መታወቅ አለበት። አቆጣጠሩን አሳየኋቸው። መጀመሪያ አሥር ወፍ ትቆጥራለህ። አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይንህ ትይዛለህ። ከዚያ በዚያ ልክ መንጋውን እየከፈልክ ትሄዳለህ። ልጁ አዳምጦ ሲጨርስ፣ እኔ ሳልነግረው ጓደኞቹን ለሁለት ከፈላቸው። አንዱ ቡድን የሌላውን እንዳይሰማ አራርቆ አቆማቸው። የመጀመሪያው ቡድን 430 ብሎ መጣ። ሁለተኛው 600 አለ። ልጁ ጦፈ። «600? እንዴት ድፍን ይሆናል? ገምታችሁ ነው! ግምት አታምጡብኝ፣ ቆጥራችሁ ኑ!»

ስለ መረጃ አያያዝ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ለፍልፌያለሁ። እንዲህ አድርጌ ተናግሬው አላውቅም።

ሁለተኛውን ቆጠራ ሲጀምሩ አንድ ትንሽ እረኛ ላሞቹን ውሃ ሊያጠጣ ገባ። መንጋው ተነሳ። ፍላሚንጎ ቆሞ ሲታይ ነጣ ያለ ሮዝ ነው፤ ሲበር ግን ከክንፉ ሥር ቀዩና ጥቁሩ ይወጣል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ስልክ ማውጣት የረሱም ነበሩ። የኛ ሰውዬ ብቻ «ውጤቱ ሳይታወቅ!» እያለ እረኛውን ሊጣላ ደረሰ። ብስኩቱ ለሁሉም ተካፍሎ ተበላ። እረኛውም ድርሻውን አግኝቷል።

በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ቅዳሜ የአርሰናል ጨዋታ ነበረ። ማታ ወጥ ስሠራ በቴሌግራም ፎቶ ደረሰኝ። የደብተር ገጽ ነው፤ በማስመሪያ የተሠራ ሰንጠረዥ። ሰዓት፣ ንፋስ፣ የወፍ ዓይነት። ስማቸውን ስላላወቀው ራሱ አውጥቶላቸዋል፦ «ሮዝ»፣ «ባለ ከረጢቱ»፣ «ሽማግሌው»። ሽማግሌው አባ ኮዳ መሆኑ ነው፤ አሳቀኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር የሄደው። ከብቶቹ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ እረኛውን አስቀድሞ ጠይቆታል። ከግርጌ የሁለት ቆጣሪ ጓደኞቹ ስም አለ። ሁለቱም የክበባችን አባል አይደሉም። «ሮዝ» አንዴ 470፣ አንዴ 490 ሆኗል። ከጎኑ «ልዩነቱ ያስኬዳል ቲቸር?» ብሎ ጽፎበታል። እሱን ደጋግሜ ሳነብ ሽንኩርቱ አረረብኝ።

ልጁ ቤቲንግ ትቷል ብዬ አላጋንንም። አልተወም። ጨዋታው ሲጀምር እዚያው ነው። ጠዋቱን ግን ጨለለቃ ነው፤ ውሃው ሸሽቶ ወፎቹ እስኪበተኑ ድረስ ሰንጠረዡን አላቋረጠም። በወላጆች ቀን ያን ሰንጠረዥ በትልቅ ወረቀት ገልብጠን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። እናቱ ፊቱ ቆመው ቆዩና «ወፍ ልቆጥር ነው እያለኝ ሲወጣ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ግን እየቀለዱ አይደለም። «የመንፈቅ ፈተና ደርሶ ልጆቹን ወፍ ታስቆጥሪያለሽ» የተባልኩት ስታፍ ሩም ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መልሱንም በአደባባይ ልስጥ። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት የለም። ጨለለቃ የማይሄድ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያጠናል ያለው ማነው? የዚህን ልጅ የሒሳብ መምህር ደግሞ ጠይቁት። ስለ አማካይ ጥያቄ የሚያነሳው ከየት አምጥቶ እንደሆነ ግራ ገብቶት እኔን ሲጠይቀኝ ነበር።

የግቢያችን በር ዘንድሮ ሁለቴ ቀለም ተቀብቷል። ያምራል። ለክበባችን ከትምህርት ቤቱ የደረሰን ፍሊፕ ቻርትና ማርከር ነው። ማርከሩ ደርቋል።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰርቪሱ በየመንፈቁ አንድ ቀን፣ ነዳጁ ቀድሞ ተሞልቶ ይሰጠን። ኪሎሌን ያላዩት ልጆች 12ኛ ክፍል ሊገቡ ነው። ወመህ (የወላጅና መምህራን ኅብረቱ) የዋናውን ጉዳይ በራሱ ስም ቢይዝልን ከእኔ ደብዳቤ ይሻላል፤ ገንዳ ያለው ወላጅም ከመካከላችሁ አይጠፋም። ለሴቶቹ ሴት አሠልጣኝ ብትገኝ ደግሞ ቤተሰብ አይከለክላቸውም። ውጭ ሀገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ለእረፍት ስትመጡ ባይኖኩላርና የኢትዮጵያ ወፎች መለያ መጽሐፍ ሻንጣችሁ ውስጥ ጣል አድርጉልን። ያገለገለም ይሁን። ሐሙስ ከስምንተኛ ክፍለ ጊዜ በኋላ ባዮሎጂ ላብራቶሪ ነን።