እህትዓለም፣ ለአባባ አንድ ነገር ንገሪልኝ

እህትዓለም፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ባልሽስ? ጠፋሁ አይደል፣ አውቃለሁ፣ ይቅር በይኝ። ስልኩን አንስቼ ስምሽ ላይ ደርሼ የተውኩበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ብቻ እሱን ስንገናኝ ቡና አፍልተን እንወቃቀስበታለን፣ አሁን የምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው። ደስ ብሎኝም ነው። ሁለቱ አንድ ላይ መጥተውብኝ ለማን ላውራው ብዬ ሳስብ ካንቺ ሌላ ሰው አልመጣልኝም።

ነገሩ እናንተ መሬት ላይ ነው። ያቺ ከመንገዱ በታች ፍየል የምንጠብቅባት፣ ሾላዋ ያለችበት ገደል፣ ዘንድሮ ክረምት ተናደች። እንዳትደነግጪ፣ ሰው አልተጎዳም፣ ማሽላውም ደህና ነው። ግን አፈሩ ሲወርድ ከሥሩ ያለው የኖራ ድንጋይ ፍንትው ብሎ ወጣ፣ እኔ ደግሞ ለፒኤችዲዬ ከደጀን አፋፍ እስከ አባይ ድልድይ ያለውን ድንጋይ በየንጣፉ እየለካሁ ስወርድ እዚያ ደረስኩና ምን ልበልሽ፣ መዶሻዬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

ከክንድ የማይበልጥ ውፍረት ያላት አንዲት ንጣፍ አለች፣ ሙሉዋን ዛጎል ናት። ባቄላ የሚያካክሉ፣ ሁለት ክዳን ያላቸው፣ ብራኪዮፖድ የምንላቸው የባሕር እንስሳት። ጀርባቸው ላይ ከጫፍ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ መስመር አለ፣ በጥፍርሽ ስትነኪው ይቆረቁርሻል። እና ከሁሉም የገረመኝ ብዙዎቹ ክዳናቸው እንደተገጠመ መሆኑ ነው! እንስሳው ከሞተ በኋላ እኮ ክዳኖቹ እየዋሉ ሲያድሩ ይለያያሉ፣ ማዕበል ሲያንከባልላቸው ደግሞ ይሰባበራሉ፣ ተገጥመው ከተገኙ ግን እዚያው በኖሩበት አካባቢ ጭቃ ቶሎ ሸፍኗቸዋል ማለት ነው። ከሷ በላይም ከሷ በታችም ያለው ድንጋይ ላይ ያለው ስብርባሪ ብቻ ነው። ታዲያ እዚያች ንጣፍ ላይ ባሕሩ ምን ሆነ? ማታ ማታ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

አባባን ጠርቼ አሳየሁት። አሲድ በጠብታ አድርጌ ድንጋዩ ላይ ሳንጠባጥብ ቸስ ብሎ አረፋ ሲያወጣ አይተሽው ቢሆን! ጎንበስ አለና ‹‹ድገሚው›› አለኝ። ደገምኩት። ከዚያ ይሄ የባሕር ወለል ነበር፣ ወደ 160 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል አልኩት። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ትንሽ ዝም ብሎ ‹‹ውኃው በየት በኩል መጣ?›› አይለኝም? ክፍል ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም፣ እውነቴን ነው።

በኦጋዴን በኩል ነው የመጣው አልኩት። ያኔ አፍሪካ፣ ሕንድ፣ ማዳጋስካር፣ ደቡብ አሜሪካ፣ አውስትራሊያና አንታርክቲካ ጎንድዋና የሚባል አንድ ትልቅ መሬት ነበሩ፣ እሱ መሰነጣጠቅ ሲጀምር የኛ በኩል ዝቅ አለና ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ እየገፋ እዚህ ድረስ ገባ። መጀመሪያ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነበር፣ እየተነነ ሲሄድ ነው ከታች ያለውን ጂፕሰም፣ ጀሶውን፣ የተወልን፣ ከዚያ ሲጠልቅ ይሄ የኖራ ድንጋይ መጣ፣ በኋላ ሲሸሽ ደግሞ ወንዞች ጭቃና አሸዋ አለበሱት። እዚያ ላይ አፋፉ ጋ የምታየው ጥቁር ድንጋይ ከሁሉም በኋላ የመጣ ነው፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም ምድር ተሰንጥቃ እንደ ጎርፍ የፈሰሰ እሳት ነው፣ የጮቄ ተራራ ራሱ የተነሳው ከዚያም በኋላ ነው፣ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ይሄን ሁሉ በመቋሚያው አፈሩ ላይ እየሳልኩ አስረዳሁት። ጮቄም እሳት ነበር ስለው በጣም ገረመው።

ደግሞ በ2017 የፈንታሌውን መንቀጥቀጥ በሬዲዮ ሰምቶ ኖሮ ‹‹የኛም ገደል የተናደው በሱ ነው እንዴ?›› አለኝ፣ ፈርቶ ነበር መሰለኝ። አይደለም አልኩት። እዚያ ምድሪቱ ራሷ ነው የምትለያየው፣ ፕሌት የምንላቸው ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጮች አሉ፣ እኛ ያለንበት የኑብያ ፕሌትና በምሥራቅ ያለው የሶማሊያ ፕሌት በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ቀስ ይበል እንጂ አንዳንዴ ባንድ ጊዜ ይፈነዳል፣ አፋር ዳባሁ ላይ በ1998 መስከረም 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። የናንተን ገደል የናደው ግን ዝናብ ነው፣ ውኃው ልቅ አፈሩ ውስጥ ሰርጎ ከሥሩ ያለውን ጭቃ ሲያረጥበው ተንሸራተተ፣ መንገዱንም በየክረምቱ የሚሰነጣጥቀው ይኸው ነው። ከላይ ቦይ ቢቆፈር ይሻላል አልኩት፣ እሺ ብሏል።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ናሙና ይዤ ስወጣ ያዩኝ ልጆች ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ አገኘች ብለው አስወሩ። የወሎውን፣ የደላንታን ኦፓል ያልሰማ የለም መቼም። በሳምንቱ ብመለስ ንጣፊቱን በዲጅኖ እየፈለፈሉ ዛጎሉን በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉት ነው፣ የአክስትሽ ልጆችም አሉበት። አልጮህኩባቸውም፣ ሥራ የላቸውም፣ ምን ያድርጉ። ኦፓል አይደለም፣ የደላንታው የሚወጣው ከእሳተ ገሞራ አመድ ከተጋገረ ድንጋይ ነው፣ ይሄ የባሕር ጭቃ ነው፣ ማንም ብር አይሰጣችሁም ብላቸው ለራሷ ልታስቀረው ነው አሉ። አባባም የእህቱ ልጆች ናቸውና መሃል ላይ ቆሞ ‹‹አንቺ እንግዲህ የመኪና ሰው ሆነሻል›› አለኝ። እህትዓለም፣ ይሄ ቃል ሆዴ ገባ። ከዚያ ቤት ስንት እንጀራ በልቼ!

ዛጎሉ ከንጣፉ ከወጣ እኮ ለኔ አለቀ። የትኛው ክዳን ወደ ላይ ነበር፣ ወደየት ዞሮ ነበር፣ በላዩ ምን ጭቃ ነበር የሚለው ነው ወሬውን የሚነግረኝ፣ ከረጢት ውስጥ የገባው ከቆንጆ ጠጠር አይለይም። የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ አለልኝ፣ ቅሪተ አካል ቅርስ ነው፣ ወረዳ ሄጄ ላስከለክል እችላለሁ። አልፈልግም። እነዚያ ልጆች ላይ ፖሊስ ይዤ አልመጣም።

እና... እንዴት ልበልሽ። ያንቺንና የአባባን ነገር አውቃለሁ። መሃል መግባት አልፈልግም፣ አንቺም ስለሱ እንዳላነሳብሽ ነግረሽኛል። ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፣ ያዛችሁትን አትለቁም፣ አፍንጫችሁም ግትርነታችሁም ቁርጥ እሱ በእሱ ነው። ግን ያን ቀን አሲዱን ስከድን፣ ፊቱን ወደ ሾላዋ አዙሮ ‹‹ያቺ ልጅ ደህና ናት?›› አለኝ። ስምሽን አልጠራም። ደህና ናት አልኩት፣ እኔና አንቺ እንደተጠፋፋን አልነገርኩትም። ይህን ልጻፍልሽ ወይስ ልተወው እያልኩ ደብዳቤውን ሁለቴ ዘግቼዋለሁ።

ደውይለት። አንቺ ከነገርሽው ያምናል፣ ልጆቹም አንቺን ይሰሙሻል፣ ባንክ ቤት ስለምትሠሪ ዋጋ ታውቃለች ይላሉ። ዛጎሉ ገንዘብ እንደማያወጣ ንገሪው፣ ከዚያ ከሾላዋ በስተቀኝ ያለችውን በኩል ብቻ ስዬና ፎቶ አንስቼ እስክጨርስ ይያዝልኝ፣ የቀረውን ድንጋይ ለቤት ቢያወጡት ጉዳዬ አይደለም። ልጆቹንም በቀን ሂሳብ ላሠራቸው እችላለሁ፣ ለመስክ ሥራ የተያዘች ትንሽ ብር አለችኝ፣ ዲጅኖውን ትተው ሜትር ይያዙልኝ።

ቤት ኔትወርክ የለም፣ ለገበያ ደጀን ሲወጣ ነው የምታገኚው፣ ረፋዱ ላይ ሞክሪው። በገደሉ አትጀምሪ፣ በመጀመሪያ ጉልበቱን ጠይቂው፣ ዳገቱ እያስቸገረው ነው። ከደወልሽ በዚያው ማታ ጻፊልኝ፣ በማግስቱ ከልጆቹ ጋር እወርዳለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺዋ