ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ ድንጋይ የሆነ ሲሚንቶ ስንት ፐርሰንት ነው?

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ። አንዱን በነሐሴ 2017፣ ሁለተኛውን በጥቅምት፣ ሦስተኛውን በታኅሣሥ። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገቢ ሆነው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሁለት ጊዜ ደግሞ በአካል መጥቼ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተብያለሁ። እንግዲህ አራተኛውን ሰው ሁሉ እያየው ያንብቡት።

የምጽፈው ስለ ሥልጠናው ነው። በጥር 2017 ሠላሳ ስምንት ሰው ቢሾፍቱ አንድ ሆቴል ውስጥ አምስት ቀን አስቀምጣችሁ "ኧርንድ ቫሊዩ ማኔጅመንት"፣ ማለትም የወጣውን ብር ከተሠራው ሥራ ዋጋ ጋር እያስተያዩ ፕሮጀክት የመምራት ዘዴ፣ አስተማራችሁን። የከፈቱት እርስዎ ነዎት። "ከእንግዲህ ፕሮጀክት በግምት መምራት ቀረ" አሉ። አጨበጨብን። እኔማ ከልቤ ነበር።

ከሠላሳ ስምንታችን ሳይት የምንመራው ዘጠኝ ነበርን። ቆጥሬያለሁ። የቀረው ከግዥ፣ ከሰው ሀብት፣ ከሕዝብ ግንኙነት የመጣ ነው። አበሉ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ማን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። በየቀኑ ሜትር ይዞ የሚለካው ፎርማኔ አልተጠራም። ስንት ኩንታል እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ የምትመዘግበው የንብረት ሠራተኛም አልተጠራችም። ስላይዱ ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነበር።

አሠልጣኙ ግን ጎበዝ ነበር። ሁሉን ነገር በአጥር አስረዳን። አሥር ሜትር አጥር በአሥር ቀን፣ ሜትሩ በ1 ሺህ ብር ሊሠራ ታቀደ እንበል። በአምስተኛው ቀን የ5 ሺህ ብር ሥራ መኖር ነበረበት። ሄደው ሲለኩት አራት ሜትር ነው። የወጣው ብር ደግሞ 6 ሺህ። ስለዚህ የተሠራው ሥራ የሚያወጣው 4 ሺህ ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዷ ብር የ67 ሳንቲም ሥራ አግኝተናል ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ያወጣኸው ብር አንድ ነገር ነው፣ የሠራኸው ሥራ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አታምታታ።

አንድ ታሪክም ነግሮን ነበር። ይህን ዘዴ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1967 ነው በመመሪያ ደረጃ ያወጣው። ሆኖም ኤ-12 የሚባለው የባሕር ኃይሉ የጦር አውሮፕላን ፕሮጀክት ሲበላሽ የወጪ ሪፖርቶቹ አስቀድመው ይጮኹ ነበር። ወደ ላይ የሚሄደው ወሬ ግን ያማረ ነበር። ምርመራ ተደረገና የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ከቦታቸው ተነሱ። በጥር 1991 ፕሮጀክቱም ራሱ ተሰረዘ። እርስዎ በዚያ ሰዓት ወጥተው ነበር መሰለኝ። ይህችን ታሪክ ልብ ይበሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እኔ የምመራው ሕንፃ በ120 ሚሊዮን ብር፣ በ24 ወር፣ ያለ ተቋራጭ በራስ ኃይል የሚሠራ ነው። ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀመርን። በሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የፌሮው ዋጋ የት እንደደረሰ አልነግርዎትም፣ ግዥውን የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ዕቅዱ ይከለስ ብለን ጠየቅን። አልተከለሰም።

ሰኔ 2017 ደረሰ። "በጀት ተመላሽ እንዳይሆን" ተባለና በሁለት ሳምንት ውስጥ 3 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ ሳይቴ ላይ ተራገፈ። ልብ ይበሉ፣ ሊዘንብ ነው። መጋዘኑ የሚይዘው ግማሹን ነው። ቀሪውን በሸራ ሸፈንነው። የክረምት ዝናብና ሸራ እንዴት እንደሚስማሙ ማንም ያውቃል።

የዓመቱን ሪፖርት እንደተማርኩት ሠራሁት። በ12ኛው ወር የ60 ሚሊዮን ብር ሥራ መሠራት ነበረበት። ኮለን (ምሰሶ) በኮለን፣ ሶሌታ (የወለል አርማታ) በሶሌታ ለካን። አርማታ ያልተሞላ ሶሌታ ዜሮ ነው ብዬ ቆጠርኩ። የተሠራው የ42 ሚሊዮን ሆነ። የወጣው 66 ሚሊዮን ነው። ለአንድ ብር 64 ሳንቲም። በዚህ ከቀጠልን ሕንፃው የሚያልቀው በ120 ሳይሆን ወደ 189 ሚሊዮን ብር ነው ብዬ ጻፍኩ። ፊዚካል አፈጻጸም፣ ማለትም በተጨባጭ የተሠራው፣ 42ቱ ለ120 ተካፍሎ 35 በመቶ።

ሪፖርቱ ከእርስዎ ቢሮ ሲወጣ 35ቱ 55 ሆኗል። ከየት መጣ? 66 ሚሊዮኑ ለ120 ሚሊዮን ተካፍሎ ነው። የወጣው ብር እንደ ተሠራ ሥራ ተቆጠረ። ከሲሚንቶው ያልተነካው ሁሉ፣ ሸራ ሥር ተኝቶ፣ ፊዚካል ሆነ። ዕቅዱ 50 በመቶ ስለነበር "አፈጻጸም 110 በመቶ፣ ከዕቅድ በላይ" ተብሎ ተጻፈ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሒሳብ ብሩን መንገድ ላይ ብንበትነው ኖሮ ከዚህም በላይ እንፈጽም ነበር።

በግምገማው ላይ "ለምን ትክክለኛውን አልላክንም?" ብዬ ጠየቅኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሞራል አላሰብክም ተባልኩ። በሁለተኛው ሳምንት "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወርኩ። ጠረጴዛ ተሰጠኝ፣ ሥራ አልተሰጠኝም። ያቺን የአሜሪካኖቹን ታሪክ ያስታውሷታል? እዚያ የተነሱት ወሬውን ያሳመሩት ናቸው።

ስለ ፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶች አስተዳደር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1210/2012 ምን እንደሚል ለእርስዎ አላነብም። ጠረጴዛዎ ላይ አይቼዋለሁ።

ፐርሰንት እንዴት እንደሚያታልል ደግሞ አገር ያየው ነገር ነው። የሕዳሴ ግድብ ፐርሰንት እንደ ኳስ ውጤት ይነገረን ነበር። በ2010 መጨረሻ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራውን የያዘው የሜቴክ ውል ሲቋረጥ ነው የሲቪል ግንባታው እየሮጠ ኤሌክትሮ ሜካኒካሉ (ተርባይንና ጄነሬተሩ) ምን ያህል ወደኋላ እንደቀረ በግልጽ የሰማነው። በመጋቢት 2003 ሲጀመር በአምስት ዓመት ያልቃል የተባለው ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። አለቀ፣ ተመስገን። የእኛ ሕንፃ ግን ቦንድ የሚገዛለት ሕዝብ የለውም።

ይህን ሁሉ ለምን አሁን ጻፍከው ይሉኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት አንድ ማስታወሻ ደረሰኝ። የኧርንድ ቫሊዩ ሁለተኛ ዙር ሥልጠና ሊሰጥ ስለሆነ የሠልጣኞችን ስም ዝርዝር እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። እኔ! ስቄ ልሞት ነበር።

ዝርዝሩን አዘጋጅቻለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ገቢ አድርጌዋለሁ። ፎርማኖች፣ የንብረት ሠራተኞች፣ የየሳይቱ ሒሳብ ሠራተኞች አሉበት። ሆቴል አያስፈልግም፣ ሳይት ላይ ሁለት ቀን ይበቃል፤ በአማርኛ፣ በራሳችን የሥራ ዝርዝር። በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ የእርስዎን ስምና የዕቅድ ክፍል ኃላፊውን ስም ጽፌያለሁ። የሪፖርት ቅጹ "የተሠራው ሥራ ዋጋ" የሚል ዓምድ ከሌለው ግን፣ እኛን መቶ ጊዜ ብታሠለጥኑን የምንሞላበት ቦታ የለም።

በዓመቱ ሪፖርት የጻፍኩት 35 በመቶ ወደ መዝገቡ ይመለስልኝ። ወደ ሳይቴም እኔን መልሱኝ። ሌላ የምጠይቀው የለም።

ሲሚንቶው አሁንም እዚያው ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ከንብረት ክፍል ይገኛል። ሊያዩት ከመጡ መዶሻ ይዘው ይምጡ፣ ከረጢቱ በእጅ አይፈታም።

የቀድሞው የሳይት መሐንዲስ