ሰልጣኙ እጁን የሚፈታበት ኤሌክትሮድ ይሰጠው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በብየዳ ሥራ 22 ዓመት ቆይቻለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ልጅ ሥራ ፍለጋ እኛ ወርክሾፕ መጣ። ወረቀቱ ያማረ ነው፤ ውጤቱም ጥሩ። 6 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ሁለት ብረቶች ሰጠሁትና "እስቲ በይዳቸው" አልኩት።

ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረቶቹን የሚያያይዘው የብየዳ ዘንግ፣ ብረቱን ገና ሲነካ ተጣበቀ። ነቅሎ ደገመው፤ እንደገና ተጣበቀ። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ስጠይቀው ግን ትምህርቱን ያውቀዋል። በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ከኤሌክትሮዱ ሽቦ ውፍረት ብዙም መብለጥ እንደሌለበት ሳይሳሳት ነገረኝ።

"በስልጠና ጊዜ ስንት ኤሌክትሮድ አቃጠልክ?" አልኩት።

"አስራ አራት።"

ቆጥሮታል። አንጀቴን በላው። ኤሌክትሮድ እየነደደ ባጠረ ቁጥር እጅም አብሮ መውረድ አለበት። ጆሮም ድምፁን መልመድ አለበት። ይህ በሰሌዳ ላይ አይለመድም፤ ብዙ ብረት ተበላሽቶ ነው የሚመጣው።

ነገሩ የሙያ ኩራት ብቻ አይደለም። 7018 የምንለው ኤሌክትሮድ እርጥበት ከሳበ ሃይድሮጅን ወደ ብየዳው ገብቶ ሊሰነጥቀው ይችላል። ላዩን ሲያዩት ምንም አይወጣለትም። በተለይ ብረቱ ወፍራም ከሆነ ስንጥቁ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ይመጣል። ያኔ ከሥሩ ሰው ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ለማሰልጠኛ አዲስ ማሽን ሲገዛ ሁላችንም እናጨበጭባለን። ለኤሌክትሮድና ለግራይንደር ዲስክ በየዓመቱ በጀት ተይዟል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። እባካችሁ፣ መጀመሪያ እሱ ይያዝ።

እኛ አሠሪዎችም አለንበት። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1969 የሙያ ስልጠና ሕግ አውጥተዋል። እዚያ ሰልጣኙ አብዛኛውን ሳምንት ድርጅት ውስጥ እየሠራ፣ አበል እየተከፈለው ይማራል፤ ቀሪውን ቀን ትምህርት ቤት ይውላል። እኛ ግን "የሚሠራ ሰው ጠፋ" እያልን እናማርራለን። ለልምምድ የተላከልንን ልጅ ደግሞ ወለል አስጠርገን፣ ፈርመን እንሸኘዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ይቆጨኛል። ቢያንስ የምንጥለውን ቁርጥራጭ ብረት ለማሰልጠኛዎች እንስጥ።

ልጁን አስቀረነው። ከሥራ በኋላ በቁርጥራጭ ብረት ይለማመዳል። ባለፈው ሳምንት የበየደውን በፕሬስ አጠፍነው። አልተሰነጠቀም።

አክባሪያችሁ፣
የብየዳ ባለሙያ