የጉልላቱ እንስራ

መሃል ሜዳ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓለሜ፣ እንደምን ከርመሻል?

ስድስት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ጉዳይ ስለገጠመኝ ነው፤ አልዋሽሽም። የባለቤትሽን ለቅሶ አልደረስኩም። መጀመሪያ ጉልበቴን አሞኝ ነበር፤ ሲሻለኝ አፈርኩ፤ ማፈሩ ደግሞ ራሱ ሁለት ሦስት ዓመት በላ። ጥፋተኛ ነኝ፣ ይቅር በይኝ። ስትመጪ እንደ ልብሽ ትወቅሺኛለሽ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማሻለሁ። አሁን ግን ጣሪያዬ ተከፍቷል፣ በልጉም እያጉረመረመ ነውና ወደ ነገሬ ልግባ።

እናቴ ቤት ነኝ። አዎ፣ መንዝ። ሦስት ሳምንቴ ነው። ሁለት ሌሊት አድሬ፣ የወንድሜን ልጅ "እንዳሻህ አድርገው" ብዬ ልመለስ ነበር የመጣሁት። ጣርማበር ላይ ዋሻው ሳይደርሱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ያ ብርድ ፊቴን ጠረበኝና፣ እዚያው ሐሳቤን ሳልቀይር አልቀረሁም።

ያንን ቤት በልቤ አዳራሽ አድርጌው ነው የኖርኩት። ትናንት በሜትር ለካሁት፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 5 ሜትር ከ40! ሰንበቴ ሲደርሰን ያ ሁሉ ሰው የት ይቀመጥ እንደነበር አንቺ ንገሪኝ። ጥጃውም እኮ እዚያው ነበር የሚያድረው። መደቡ ላይ ለመውጣት እንቧጥጥ አልነበር? ዛሬ ጉልበቴ ጋ አይደርስም።

ቤቱን የጎዳው እሳት ማጣቱ ነው። እናቴ ካረፈች 11 ዓመት ሙሉ ምድጃው አልተነደደበትም። የሣር ክዳን ጭስ ካላገኘ አይኖርም፤ ጭሱ ከሥር እያደረቀው፣ ጥቀርሻው እየለበጠው፣ ነቀዙንና አይጡን እያባረረ ነው ዕድሜ የሚሰጠው። ምድጃው ሲጠፋ እርጥበቱ እላይ ይቀራል፤ ሣሩ ይሻግታል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ በጅሽ ስትነኪው እንደ ዱቄት ይራገፋል። የኛው ከውጭ በኩል አንድ ስንዝር ተኩል ያህሉ እንዲህ ሆኗል፤ በሰሜን በኩልማ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ከውስጥ ያለው ግን በጥቀርሻ ተለብጦ እንደ ቆዳ ጠንክሮ ተቀምጧል። ጣቴን ባሳርፍበት ጥቁሩ ተጣበቀብኝ። አሸተትኩት። ከዚህ በኋላ የሆንኩትን አልነግርሽም፣ ትስቂብኛለሽ።

አሁን ዋናው ጭንቀቴ፦ የወንድሜ ልጅ ቆርቆሮ እናልብስ ይላል። ልጁ ክፉ አይደለም፣ የራሱ ቤት ቆርቆሮ ነው፣ ተመችቶታል። እኔም እኮ ቆርቆሮ ጠል አይደለሁም፤ ለማዕድ ቤት ቢሆን ዛሬውኑ አዝዝ ነበር። ግን ቤቱ ክብ ነው። ቆርቆሮ የተሠራው ለአራት ማዕዘን ነው፤ በክብ ላይ ሲወጣ እያንዳንዱ ሉህ ወደ ጫፉ እየሾለ በሰያፍ መቆረጥ አለበት፣ ከሦስት አንዱ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። መገጣጠሚያውም ይበዛል፣ መገጣጠሚያ በበዛበት ደግሞ ፍሳሽ አለ። በዚያ ላይ ሰዉ ርካሹን 32 ጌጅ ነው የሚያመጣው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚወፍር ይመስላቸዋል፣ ጉዳዩ የተገላቢጦሽ ነው። ምስማሩንም ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ይመቱታል፤ መመታት ያለበት በሞገዱ ጀርባ ላይ ነው፣ ጎማውን አድርጎ። ይሄን ሁሉ አስተካከልን እንበል፤ የመንዝ ሌሊት ውርጭ ነው፣ ቆርቆሮው ይበርዳል፣ የሰውና የእሳት ትንፋሽ ከሥሩ ውሃ ሆኖ ንጋት ላይ ፊትሽ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። በረዶ የዘነበ ዕለትማ እርስ በርስ አንሰማማም።

የጓሳ ሣር ክዳኑ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ሣሩ ሞልቷል፤ ያ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ደጋ እስከ ዛሬ የተጠበቀው የጥንቶቹ አቅኚዎች የአስቦና የገራ ዘሮች በቄሮ፣ ሣሩን በጋራ በሚጠብቁበት በዱሮው ሥርዓት፣ እየዘጉና እየከፈቱ ስላቆዩት ነው፣ ይሄን ለአንቺ ልነግር አይገባኝም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቄሮው ሲፈርስ ምን እንደሆነም ታውቂያለሽ። አሁንም ያለ ተራው ማጭድ ይዞ የሚገባ ይቀጣል፣ ደግም አደረጉ። እኛ በወንድሜ ልጅ ስም ተራ አግኝተናል። ሒሳቡን ሠራሁት፤ ክፈፉ በየዙሪያው አንድ ክንድ ሲወጣ፣ ቁልቁለቱ ሲታሰብ፣ ጣሪያው 54 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሁሉንም በአዲስ ብንከድን ከ30 የአህያ ጭነት አያንስም። የውስጡን ደህናውን ትተን የበሰበሰውን ብቻ ገፈን ከላይ ብንደርብበት ግን በ20 ጭነት ይበቃናል። የኔ ፍርድ ይሄ ነው። ያ ጥቀርሻ የተለበጠ ሣር እንዲወርድ ልቤ አይፈቅድም፣ ብር መቆጠቡ ደግሞ ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ።

የጠፋው ከዳኝ ነው! ወጣቶቹ ሣሩን ጭነት ሙሉ ወስደው ይደፉታል። ከክፈፍ ጀምሮ ዙሪያውን በእኩል እየዞሩ መውጣት፣ የላይኛው ድርድር የታችኛውን ሁለት ሦስተኛውን መሸፈኑን ማየት፣ በእያንዳንዱ ዙር በጠፍጣፋ እንጨት እየመቱ ማጥበቅ፤ ይሄን የሚያውቅ ጠፋ። አንደኛው ያልደረቀ ሣር አስሮ አመጣልኝ። እጄን መሃሉ ብከት ሞቀኝ። እርጥብ ሣር ታስሮ ከተከመረ ከውስጥ ይግላል፣ ከዚያ ይሻግታል፣ ክዳን ላይ ቢወጣ በዓመቱ ትል ነው። አስፈትቼ ሜዳ ላይ አስጣሁት፣ ልጁም እስካሁን አኩርፎኛል። አባትሽ ቢኖሩ በዱላ ነበር የሚያናግሩት።

አባትሽን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቹ ጉልላቱን ሲያወርዱት፣ አንድ ጆሮው የሌለ፣ አፉ በአንድ በኩል የተሸረፈ እንስራ ነው። እንስራውን አወቅሽው? ቆይ፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ምሰሶው።

ምሰሶው ጥድ ነው፣ ከሥሩ እስከ ላይ እንደ ብረት ነው፤ ጫፉ ግን ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ በስብሷል። ጉልላቱ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ውሃ ሌሊት በውርጭ እየረጋ፣ ሲረጋ እያበጠ፣ ዓመት በዓመት አሰፋውና ውሃው በቀጥታ ምሰሶው አናት ላይ ይወርድ ጀመር። ወጋግራው ሁሉ በዚያ አናት ላይ ስለተደገፈ ምሰሶውን መንቀል አይቻልም። መፍትሔው፣ በአራት ማዕዘን አራት ባላ ማቆም፣ ባላዎቹ ማገሩን እስኪሸከሙ ከሥራቸው በሽብልቅ ማጥበቅ፣ ከዚያ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ራስ መቀጠል። ቅጥሉ ከሁለቱም እንጨት ግማሽ ግማሹ ተጠርቦ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎን ለጎን የሚተኛ መሆን አለበት። ማሰሪያው ጠፍር ነው፣ ውሃ ውስጥ አድሮ እርጥቡን የሚታሰር፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። አናጢው እርጥብ ባሕር ዛፍ ሊቀጥልብኝ ነበር። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይኮማተራል፣ ጠፍሩም ይላላል። ደረቅ ጥድ ካላመጣህ ምሳ የለም አልኩት። አመጣ።

የሰሜኑ ግድግዳም ሆዱ ተነፍቷል። ክፈፉ በስብሶ ስላጠረ ጠብታው ግድግዳው ሥር ያርፋል፣ ይረጫል፣ በድንጋዩ መካከል ያለውን ጭቃ ያጥበዋል፤ ትንንሾቹ ድንጋዮች ይንሸራተቱና የውጩ ፊት ከውስጡ ይለያል። ዱሮ ሲሠራ ወርዱን አቋርጦ ሁለቱን ፊት የሚያያዝ ረጅም ድንጋይ በዚያ በኩል ብዙም አላስገቡበትም። ከላይ እስከ እብጠቱ አፍርሰን በየሜትሩ አንድ እያስገባን እንደገና እንክባለን። ግንበኛው "በሲሚንቶ ልለስነው፣ ያምራል" አለኝ። ያምራል፣ ለአንድ ዓመት። የጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን መተንፈስ አለበት፤ ሲሚንቶው ያፍነዋል፣ ከጀርባው ይረጥባል፣ ከዚያ እንደ ቅርፊት ተነስቶ ይወድቃል። ስለዚህ ቀይ አፈር ሦስት እጅ፣ ጭድ አንድ እጅ አስረግጬ፣ ውሃ እያጠጣሁ ሰባት ቀን አቦካሁት። መሽተት ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። አፈሩ ከወፈረበት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አሸዋው ከበዛበት ይራገፋል። መጨረሻው ላይ እበትና አመድ፤ እሱን በራሴ እጅ ነው የምለቀልቀው፣ ማንም እንዳይነካብኝ።

እንግዲህ እንስራው።

እኔ እንስራው ምንጩ ላይ ብትንትኑ ወጥቶ ነው የማስታውሰው። ገሉን ጥሻ ውስጥ የጣልን ሁሉ ይመስለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ነው የኖረው፣ በዚያ ዓይነት ለልጆቼም አውርቼዋለሁ። ይኸው ግን አፉ ተሸርፎ፣ አንድ ጆሮ አጥቶ፣ ሆዱ ደህና ሆኖ ጣሪያችን ላይ ተደፍቶ ኖሯል። አባትሽ ናቸው ያወጡት፣ የዚያን ዓመት ክዳን የሠሩት እሳቸው ናቸውና። ውሃ የማይቀዳበት እንስራ ለጉልላት ይሆናል ብለው ይሆናል። ወይም... አላውቅም ዓለሜ። አንቺ ነግረሻቸው ይሆን?

የሰበርኩት እኔ ነኝ። "እሷ ናት" ያልኩት እኔ ነኝ። የተገረፍሽው አንቺ ነሽ። ታውቂያለሽ፣ ማወቅሽንም አውቃለሁ፤ ሠርጌ ላይ ሚዜ ሆነሽ ስትቆሚ እንኳ አላነሳሽብኝም። እኔም ዝም አልኩ። ለለቅሶሽ አለመምጣቴና ይሄ አንድ ናቸው ልልሽ አልችልም፣ ግን አንዱን ስጽፍ ሌላው ካልወጣ ብዕሩ እምቢ አለኝ። በቃ። ከዚህ በላይ አታስለፍልፊኝ።

አሁን ሥራዬን የያዘው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ከአንቺ ሌላ የሚመልስልኝ የለም፤ መሰላሉን የምትይዢላቸው፣ ሣሩን የምታቀብያቸው አንቺ ነበርሽ። ከእንስራው ሥር፣ የምሰሶው አናት ላይ፣ በጓሳ የተጎነጎነ ጥምጥም አገኘን። እሱ ይገባኛል፣ እንስራው እንዳይወላገድ ነው። ከጥምጥሙ ሥር ግን እንደ ቆዳ ያለ፣ ጠቁሮ የተኮማተረ ነገር አለ። የበግ ለምድ ይመስለኛል። ለምድ ከሆነ ፀጉሩ ወደ ላይ ነበር ወይስ ወደ ታች? የሚቀቡት ነገርስ ነበር? ውሃው ቢገባ እንኳ በእሱ ላይ ተንሸራትቶ ወደ ክዳኑ እንዲወርድ ይመስለኛል ሥራው። አዲስ እንስራ ከገበያ ገዝቻለሁ፣ ለምዱም አለ፤ በግምት አድርጌው ምሰሶው እንደገና ቢበሰብስ ግን በሰማይ ቤት አባትሽን ምን ብዬ አያቸዋለሁ?

ስልኬ ያው ነው፣ አልቀየርኩም። ደውይ። ካልደወልሽ ደግሞ ነይ፣ እሱ ይሻላል።

ደቦውን የጠራሁት ለሚያዝያ 22 ረቡዕ ነው። እስከዚያ ሣሩ ይደርቃል፣ እንጨቱም ያልቃል፣ ጣሪያው በሸራ ተሸፍኖ ይቆያል። ለምን ረቡዕ ብትይ፣ 21 ማርያም ናት፣ 23 ጊዮርጊስ ነው፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፤ መንዝ ውስጥ ሥራ የሚሠራበት ቀን እንደ ምንጭ ውሃ ተጠብቆ ነው የሚቀዳው። ሃምሳው ስላላለቀ ጾም የለም፣ በግ አርዳለሁ። ጠላው የኔ ነው፣ በጌሾው መጠን እንዳትከራከሪኝ።

ከላምበረት በጠዋቱ አውቶቡስ ውጪ። ጋቢ ብቻ ይዤ እመጣለሁ እንዳትይ፣ እዚህ ሌሊቱ ጋቢ አያውቅም፤ ወፍራም ሹራብ ጨምሪ። ባና እኔ አለኝ፣ የእናቴ፣ አይጥ አንድ ጥግ በልቶታል፣ ያንን ጥግ እኔ እተኛበታለሁ።

እንስራውን ገና አላጠብኩትም። እስክታይው ብዬ መደቡ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የወንድሜ ልጅ የዶሮ ውሃ ማጠጫ ላድርገው ብሎኝ በኩርኩም አባረርኩት።

ያቺው ጓደኛሽ