የሳምንቱ ሒሳብ፦ ከድሬዳዋ ወደ አዳማ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ከከዚራ ጉርብትናችን ተነሥተሽ አዳማ ከገባሽ ወዲህ፣ በዓል ሲመጣ በስልክ እንኳን አደረሰሽ ከመባባል በቀር እንደ ቀድሞው የልባችንን ሳንጫወት ብዙ ጊዜ አለፈ። ሰሞኑን ልጅሽ ለሥራ ወደዚህ መጥታ እኛ ዘንድ ስታድር፣ ዳቦ ቤቱን ለማስፋት ከባንክ ኦቨርድራፍት፣ ማለትም በሒሳብ ላይ ካለው ገንዘብ በላይ እስከ ተፈቀደ ጣሪያ ድረስ የሚወጣበትን ብድር መውሰድሽን፣ ገንዘቡንም እስከ ጣሪያው ተጠቅመሽበት ወለዱ እንቅልፍ እየነሣሽ መሆኑን አጫወተችኝ። እኔም ያለሁት በዚያው መንገድ ላይ ስለሆነ ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነገሩ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ተረጋግቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

የእኔ ዕዳ ከየት እንደ መጣ ታውቂዋለሽ ብዬ እገምታለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምሸጠው የመጋረጃና የአልጋ ልብስ ጨርቅ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው፤ መደርደሪያ ላይ የነበረውን በድሮው ዋጋ ሸጬ ያንኑ ያህል ጨርቅ መልሼ ለማምጣት ስሄድ፣ በእጄ ያለው ገንዘብ ግማሹን እንኳ በቅጡ የሚሞላ አልሆነም። ያኔ ሱቁን ባዶ ከማድረግ ይልቅ የቤታችንን ካርታ አስይዤ እስከ 300,000 ብር ኦቨርድራፍት ተፈቀደልኝ። ሱቁ ሳይዘጋ የቀረው በዚያ ገንዘብ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ያለዚያ ይተርፍ ነበር ብዬ አላምንም። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ሥራ ከዕዳው መውጣት ነበር።

በመጀመሪያ ልንገርሽ የምፈልገው ወለዱ እንዴት እንደሚቆጠር ነው፤ የቀረው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነውና። በየወሩ የተወሰነ ክፍያ ባለው ብድር ቀኑ ሲደርስ ክፍያሽን ትከፍያለሽ፤ በመካከል ገንዘቡ ቤትሽ ቢቀመጥ ወይም ባንክ ቢገባ ብዙ ለውጥ የለውም። የኦቨርድራፍት ወለድ ግን በእያንዳንዱ ቀን መጨረሻ በሒሳቡ ላይ ባደረው ዕዳ መጠን ይታሰባል፤ የተጠራቀመውም በወር መጨረሻ ከዚያው ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። ሳይከፈል ከቀረ ዕዳው ላይ ተደምሮ ራሱ ወለድ ይወልዳል። በዓመት 18 በመቶ ብለን ብናሰላ፣ 300,000 ብር ዕዳ በቀን 148 ብር ገደማ ይበላል፤ ሱቁ ቢከፈትም ባይከፈትም፣ እሑድም ቢሆን በዓልም ቢሆን። ይህን አስልቼ በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፍኩ ዕለት ስለ ገንዘብ ያለኝ አስተያየት ተለወጠ። ቅዳሜ የሸጥኩት 40,000 ብር እስከ ማክሰኞ በቤት ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ፣ በሦስቱ ቀን ብቻ ወደ 60 ብር የሚጠጋ ወለድ በከንቱ ያስከፍለኛል ማለት ነው። ስለዚህ አሁን ገንዘብ እጄ ላይ አያድርም። በስልክ ማስተላለፍ የሚችሉ ደንበኞቼ በቀጥታ ወደዚያው ሒሳብ እንዲያስገቡ የሒሳብ ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ለጥፌዋለሁ፤ በጥሬው የገባውን ደግሞ ባለቤቴ ዕለቱን ባንክ ያደርሰዋል።

ሆኖም ገቢውን ሁሉ ባንክ ማስገባት ብቻውን ዕዳ አይቀንስም። ዛሬ የገባውን ነገ ለሽንኩርት፣ ከነገ ወዲያ ለባጃጅ እያልሽ የምታወጪው ከሆነ ዕዳው ባለበት ይሄዳል። የሳምንት በጀት ያስፈለገኝ ለዚህ ነው። በወር ሞክሬው ነበር፤ የወሩ መጀመሪያ ሰፊ፣ መጨረሻው ጠባብ እየሆነ አስቸገረኝ። በቀን መቁጠር ደግሞ ሰውን ያደክማል። ሳምንት ግን ከኑሯችን ጋር ይስማማል፤ ዕቁባችን በሳምንት ነው፣ የሠራተኛዬን ደመወዝ የምከፍለው በሳምንት ነው፣ አንዱ ሳምንት ቢበላሽም የሚቀጥለው ቅርብ ነው። አሁን ሰኞ ጠዋት ከዚያ ሒሳብ 5,000 ብር አወጣለሁ፤ እስከሚቀጥለው ሰኞ ድረስ ከዚህ ሌላ ለቤት የሚወጣ ገንዘብ የለም። ሱቁ ቀንቶት ብዙ ቢሸጥም የሰኞው መጠን አይጨምርም፤ ትርፉ ዕዳውን ሲቀንስ ይዋል ብለን ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል።

ገንዘቡን በጥሬው የማወጣው አውቄ ነው። በስልክ ስከፍል ለባጃጅ፣ ለውኃ፣ ለልጆቹ ካርድ እያለ ሳይታወቀኝ ይሄዳል። ቴሌብር ላይ ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላው እንደኪሴ የሚባል አገልግሎት እንዳለም ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን አንዱን ዕዳ ሳልጨርስ በሌላ በኩል ትንሽም ቢሆን ሌላ መክፈት አልፈለግሁም። 5,000ውን በ200 እና በ100 ብር ኖቶች ተቀብዬ ቤት ስገባ በአራት ፖስታ እከፍለዋለሁ። ትልቁ የቀፊራ ገበያ ነው። አስቤዛ የምገዛው ሰኞና ሐሙስ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ነው፤ በዚህ ሙቀት ቲማቲም እስከ ነገ አይቆይምና ወደ ማታ ሻጮቹ ራሳቸው ጠርተው ዋጋ ይቀንሱልሻል። ሁለተኛው የከሰል፣ የውኃና የመጓጓዣ ነው። ሦስተኛው የባለቤቴና የልጆቹ የእጅ ገንዘብ ነው፤ የጫት ወጪው የሚወጣውም ከዚሁ ነው። ድሬ ተቀምጦ ጫትን ከበጀት ውጪ አድርጎ ማሰብ ራስን ማታለል መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። እሱም በየቀኑ የነበረውን ወደ ቅዳሜና እሑድ አውርዶታል፤ እኔ አላስገደድኩትም፣ ፖስታው ውስጥ ያለውን እያየ በራሱ የወሰነው ነው፤ ስለዚህም አከብረዋለሁ።

አራተኛው ፖስታ የሰው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ አስቢልኝ የምልሽ ስለ እሱ ነው። ሰው ዕዳ ሲገባ አስቀድሞ የሚቆርጠው ለለቅሶ፣ ለመውለድ፣ ለታመመ መጠየቂያ፣ ለቡና የሚያወጣውን ይመስለዋል። እዚህ አገር ግን እንዲህ ያለው በጀት አይዘልቅም። ጎረቤት ሲሞትበት ባዶ እጅሽን አትሄጂም፤ የሌለ በጀት ስለሆነም ገንዘቡን ከሽንኩርቱ ትወስጃለሽ፣ ሽንኩርቱን ደግሞ በዱቤ ታመጫለሽ። ስለዚህ በየሳምንቱ ለዕድር፣ ለለቅሶና ለመጠየቂያ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ በአንድ ሳምንት ካልተነካ ለሚቀጥለው ያድራል እንጂ ለሌላ ነገር አይውልም። የመገላ ሰፈር ወዳጆቻችን ባለፈው የረመዳን ጾም አፍጥሩ ብለው ሲጠሩን ቴምርና ሳምቡሳ ይዘን የሄድነው ከዚሁ ነው። ዕዳ አለብን ብለን ከሰው ብንርቅ ኖሮ ከዕዳው ይልቅ ያ ይጎዳን ነበር።

ከሳምንቱ የሚያልፉትስ ወጪዎች እንዴት ይሆናሉ ትይኝ ይሆናል። ጤፉ አለ፣ የመስከረም ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ ፋሲካ አለ፤ ለእኛ ደግሞ ከሁሉም በላይ ቁልቢ ገብርኤል አለ። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከሐዋሳም ከአዲስ አበባም የመጣ ዘመድ እኛ ቤት ሳያድር እንደማይወጣ አንቺ ምስክር ነሽ። ለእነዚህ ሁሉ የዓመቱን ወጪ ገምቼ ለ52 ሳምንት አካፈልኩትና የአንዱን ሳምንት ድርሻ በደብተሩ በስማቸው እጽፋለሁ። ገንዘቡን ግን በቁጠባ ሒሳብ አላስቀምጠውም። ቁጠባ 7 በመቶ ወለድ እየከፈለኝ ኦቨርድራፍቱ 18 በመቶ ከወሰደብኝ፣ ያጠራቀምኩት እያንዳንዱ ብር እየከሰረ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ እዚያው ኦቨርድራፍቱ ሒሳብ ውስጥ ይገባና ዕዳውን ቀንሶ ይቆያል፤ ታኅሣሥ ሲደርስ በደብተሩ የተጻፈውን ያህል ብቻ መልሼ አወጣለሁ። ደብተሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ባንኩ የትኛው የቁልቢ፣ የትኛው የዕዳ ክፍያ እንደሆነ አያውቅልሽም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ የተፈቀደው ጊዜ ሲያበቃ ባንኩ ላያድሰው ይችላል፤ ያን ጊዜ መልሼ አወጣለሁ ያልሽው አይወጣም። ስለዚህ የማደሻው ቀን ሲቃረብ ለቅርብ ጊዜ የሚያስፈልግሽን ቀደም ብለሽ በእጅሽ ያዢ።

ስለ ዕቁቡም ብዙ አስቤበታለሁ። ዕዳ እያለብሽ ወለድ የማያስገኝ ዕቁብ ምን ያደርግልሻል፣ ውጪ ያሉኝ ነበሩ። ከፊሉ ልክ ነው፤ ዕጣው መጨረሻ ላይ ከወጣልሽ፣ ዓመቱን ሙሉ ዕዳሽን ሊቀንስ የሚችለውን ገንዘብ ለሌላ ሰው ስታበድሪ ነው የምትከርሚው። በመጀመሪያ ከወጣልሽ ግን ያለ ወለድ የተበደርሽ ያህል ነው። ዕቁባችን 50 ሰው ሆነን በሳምንት 1,000 ብር የምንጥለው ነው። ለዳኛው ሁኔታዬን በግልጽ ነገርኩት፤ ቀድሞ ዕጣ የወጣላት አንዲት አባል ገንዘቡን የምትፈልገው ገና ወደፊት ለሚሆነው የልጇ ሠርግ ስለ ነበር ተራዋን ከእኔ ጋር ለመለወጥ ፈቀደች። የደረሰኝን 50,000 ብር ዕለቱን ባንክ አስገባሁት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወለዱ በቀን ወደ 25 ብር ቀነሰልኝ። ቀሪውን የዕቁብ መዋጮ በየሳምንቱ ከሱቁ ገቢ እጥላለሁ፤ እሱን አንድም ሳምንት ማጓደል የለብኝም፣ ለባንክ ብዘገይ ወለድ እከፍላለሁ፣ ለዕቁብ ብዘገይ ግን የሰው ፊት ነው የማጣው። አንቺም ዕቁብ ካለሽ አትውጪ፤ ግን ተራሽን አስቀድመሽ ተነጋገሪበት።

ዱቤውን ሳላነሣ አልፌ ነበር። ሰፈር ያለው ሱቅ ዘይትና ስኳር በዱቤ እየሰጠ በወር መጨረሻ ሲያስከፍለን፣ የሳምንቱ ፖስታ በቂ የሚመስለው በዚያ ምክንያት ነበር። ያንን ሙሉ በሙሉ ዘጋነው። እኔም በሱቄ የምሰጠውን ዱቤ ለሠርግ ቤት ጨርቅ ለሚወስዱ ነባር ደንበኞች ብቻ አድርጌዋለሁ፤ ግማሹን አስቀድመው ይከፍላሉ። አንዳንዶቹ ቅር ተሰኝተዋል፤ ያሳዝናል፣ ግን እነሱ ዘንድ ያለው ገንዘብ እኔ በየቀኑ ወለድ የምከፍልበት ነው።

ዛሬ ዕዳው 170,000 ብር አካባቢ ደርሷል፤ የቀኑ ወለድም ወደ 84 ብር ወርዷል። ፍቃዱ ሲታደስ የጠየቅሁትን አንድ ነገር ላንቺም እመክርሻለሁ፤ ጣሪያውን ከ300,000 ወደ 200,000 ብር ዝቅ እንዲያደርጉልኝ በደብዳቤ ጠየቅኋቸው። የባንኩ ሠራተኛ ለምን ትቀንሻለሽ፣ ይጠቅምሻል ብሎ ሊያሳስበኝ ሞከረ። እኔ ግን የከፈልኩትን መልሼ እንዳላወጣው በሩን መዝጋት ፈልጌ ነው። ክፍት የሆነ ጣሪያ፣ ጨርቅ ረከሰ በተባለ ቁጥር ሰውን ይጠራል።

የአንቺ ነገር ከእኔ የተሻለ ይመስለኛል። ዳቦ ዕለቱን ተሽጦ ዕለቱን ገንዘብ ይሆናል፤ የእኔ ጨርቅ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። የዕለቱን ሽያጭ በዕለቱ ባንክ ካስገባሽ፣ ዱቄት የምትገዢበት ቀን እስኪደርስ ድረስ ያለው ገንዘብ ሁሉ ወለድ እየቀነሰልሽ ይቆያል። ልጅሽ እንደ ነገረችኝ በወር መጨረሻ የሚከፍሉሽ ትምህርት ቤቶችና ካፌዎች አሉ፤ እነሱን በሁለት ሳምንት አንዴ እንዲከፍሉ ጠይቂያቸው። ዱቄት በብዛት ሲገዛ ይረክሳል ብለሽ ደግሞ ከኦቨርድራፍቱ አውጥተሽ አታከማቺ፤ በመጀመሪያ የሚቀንሱልሽን ዋጋና ዱቄቱ ተሸጦ እስኪያልቅ የምትከፍይውን የቀን ወለድ አወዳድሪ።

አሁን የባንክሽን የሦስት ወር ስቴትመንት አስወጥተሽ ፎቶውን ላኪልኝ፤ የወለድ መጠኑን፣ የማደሻውን ቀንና በሳምንት ለቤት የምታወጪውንም ጻፊልኝ። ለቤት የምታወጪውን ስትጽፊ የለቅሶውንና የዕድሩን እንዳትረሺ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውልልሽና ደብተራችንን ገልጠን አብረን እናሰላዋለን። ለቁልቢ ከመጣሽም ማረፊያሽ እኛ ቤት ነው፤ የእንግዳው በጀት ተመድቧል።

ባለቤቴም ልጆቹም ሰላም ብለውሻል።

ሁልጊዜ የምታስብሽ እህትሽ