ድሉ የሀገር፣ ወታደሩ የደርግ?

የቀድሞ ሠራዊት አባላትን የጡረታ ጉዳይ ለያዙት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። መልስ ያገኘሁት ለአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በቃል፦ «ማኅደሩ አልተገኘም»። ስለዚህ ሰባተኛውን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

አባቴ በ1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ ከእርሻው ተነስቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር የገባ ሚሊሺያ ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ ስትወጣ ካራማራ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ተልኮ ሠራዊቱ እስከተበተነበት እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. በውትድርና ቆየ። መታወቂያውን መንገድ ላይ አቃጥሎ፣ ገበሬ ቤት ለምኖ ባገኘው አሮጌ ጋቢ ተሸፍኖ ነው ቤቱ የገባው። ያኔ ያ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ቢገኝ ምን ሊያመጣበት ይችል እንደነበር እርስዎም ያውቁታል።

ባለፈው ጥር ይዤው መጣሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ማስረጃ ስትጠይቀው ዝም ብሎ ሸሚዙን ፈታና ብብቱ ሥር ያለውን የጥይት ጠባሳ አሳያት። «አባባ፣ ይሄ ማስረጃ አይሆንም» አለችው። እሷን አልወቅስም፤ የተሰጣትን መመሪያ ነው የነገረችን። አባቴ ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን መቆለፍ አቃተው። እኔ ቆለፍኩለት።

በወሩ የካራማራ ድል በቴሌቪዥን ሲታወስ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተመለከተ።

ልጆቻችንን ደምሰው፣ ድልነሳው ብለን የምንጠራ ሕዝብ ነን። ጦርነት ስማችንን፣ ዘፈናችንን፣ ሽለላና ፉከራችንን ሠርቶታል። ለዓድዋ በ1888 ዓ.ም. የዘመተው ገበሬ ስንቁን ራሱ ይዞ ሄዷል፤ የተረፈውም ወደ እርሻው ተመልሷል። አባቴን ግን መንግሥት ከማረሻው ነጥሎ ደመወዝተኛ ወታደር አደረገው፤ ሲመለስ መሬቱም ጉልበቱም አልጠበቁትም። በዓሉን ስታከብሩ «የኢትዮጵያ ሠራዊት» ትሉታላችሁ። ጡረታውን ሲጠይቅ «የደርግ ወታደር» ይሆናል። የዘመተው ግን አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሀገር ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የዘማቹ ስም የሚለወጥ ከሆነ፣ ዛሬ ምሽግ ውስጥ ያለው ልጅ ነገ ምን ተብሎ ይጠራል? የእህቴ ልጅ በዚያ ቀን አብሮን ነበር። ለውትድርና ሊመዘገብ ፎርም ሞልቷል። ከቢሮው ስንወጣ ይህንኑ ጠየቀኝ፤ የምመልስለት አጣሁ።

በአንድ ሻለቃ አብረውት የነበሩ ሦስት ሰዎች በሕይወት አሉ፤ ስማቸው በሦስተኛው ማመልከቻዬ ላይ ተጽፏል። ቃላቸውን የምትቀበሉበትን ቀን ቁረጡልን። አንደኛው ሆስፒታል ከተኛ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።